ታፕ ዳንስ የሚታይ ነው ወይስ የሚሰማ? ጥያቄዬና የመጡልኝ መልሶች

ሐሙስ ማታ እዚህ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ስለ ታፕ ዳንስ አንድ የውይይት ክር ከፈትኩ። ሦስት አራት ሰው ይመልስልኛል ብዬ ነበር። እሑድ ማታ ስገባ መልሱ 18 ደርሷል። አንዳንዱ ረጅም ነው፣ አንዳንዱ ሁለት መስመር። መሀል ላይ ነገሩ ጋል ብሎም ነበር። ዘግይታችሁ ለገባችሁ ሁሉንም በራሴ ቃል ልተርክላችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ እኔ ምን እንደጻፍኩ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጄ ዘንድሮ ታፕ ዳንስ ጀመረች፤ በጫማ ወለሉን እየመቱ ምት የሚያወጡበት ዳንስ ነው። ጫማዋን ገልብጬ አየሁት። ተራ የቆዳ ጫማ ነው። ከሥሩ ግን ሁለት ብረት በብሎን ታስሯል፤ አንዱ ከጣቶቿ ሥር፣ አንዱ ከተረከዟ። የፊተኛው ቀጭን ድምፅ አለው። የተረከዙ ወፍራም ነው። አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብዬ ትምህርቱን ተከታተልኩ። አስተማሪዋ ልጆቹን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞረቻቸው። ከኋላቸው ቆማ በእግሯ አንድ አጭር ምት መታች። ልጆቹ ሳያዩ፣ በሰሙት ብቻ፣ መልሰው መምታት ነበረባቸው። እኔ ዳንስ በዓይን የሚቀዳ ነገር ይመስለኝ ነበር።

የመጀመሪያ እርምጃዎቹንም ጠቀስኩ። ሻፍል ሲባል እግር ወለሉን ወደ ፊት ጠረግ ያደርጋል፣ ሲመለስም ጠረግ ያደርጋል። ሁለት ድምፅ። ፍላፕ ደግሞ ወደ ፊት ጠርጎ እዚያው መርገጥ ነው። እሱም ሁለት ድምፅ አለው፣ ግን የሰውነት ክብደት ወደዚያ እግር ተላልፏል። ሌላው ሁሉ በእነዚህ ላይ የሚገነባ ነው።

ከዚያ በድፍረት ደመደምኩ። ታፕ መጀመሪያ ሙዚቃ ነው፣ ዳንስነቱ ይከተላል አልኩ። ስልቶቹን ለሁለት ከፈልኳቸው፤ ለዓይን የሚሠራው የብሮድዌይ፣ ማለትም የኒውዮርክ ትልልቅ ቲያትሮች፣ ስልትና ለጆሮ የሚሠራው ሪትም ታፕ። እውነተኛው ሁለተኛው ነው ብዬም ጻፍኩ። ዳንሱን ያመጡት የአየርላንድ ስደተኞች ናቸው የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ። መጨረሻ ላይ ልጄ በየትኛው ስልት ትቀጥል የሚለውን ጠየቅኩ።

መልስ 1። ከሚኒያፖሊስ ነው። ወንድሜ ብላ ጀምራ አመሰገነችኝ። ልጇ ሦስት ዓመት ተምሯል። የሕፃን እግር ቶሎ ስለሚያድግ ለመጀመሪያው ዓመት ያገለገለ ጫማ እንደሚበቃ መከረች። ብሎኖቹን ግን በየሳምንቱ ማየት ያስፈልጋል። በጣም ከጠበቁ ድምፁ ይታፈናል። ከላሉ ብረቱ ይንቀጫቀጫል፣ ወለልም ይቧጭራል። ልጇ አሁን ካቻቪቴ ከቦርሳው አይለይም፤ ክራር ተጫዋች ክሩን እንደሚቃኘው ጫማውን ይቃኛል። ይህን ሳነብ ሐሳቤን የተረዳ ሰው አገኘሁ አልኩ።

መልስ 2። እዚህ ላይ ታረምኩ። ጸሐፊው በአክብሮት ነው የጻፈው፣ ግን አልማረኝም። ታፕን ከአየርላንድ ብቻ ማምጣት ግማሹን ታሪክ መሰረዝ መሆኑን ነገረኝ። በ1739 በሳውዝ ካሮላይና፣ ስቶኖ በሚባል ወንዝ አጠገብ፣ በባርነት የነበሩ አፍሪካውያን አመፁ። ሲዘምቱ ከበሮ ይመቱ ነበር። በማግሥቱ ዓመት በ1740 የወጣው ሕግ ከበሮና መለከት ከለከላቸው። ከበሮው ሲወሰድ ምቱ ወደ ሰውነት ገባ። በእጅ ጭንን፣ ደረትን፣ በእግር ደግሞ ወለሉን መምታት። ጁባ የሚሉት እሱን ነው። በሌላ በኩል የአየርላንድ ጂግ እና የእንግሊዝ የእንጨት ጫማ ዳንስ ከስደተኞች ጋር መጣ። ሁለቱ የተገናኙበት አንዱ ቦታ የኒውዮርክ ፋይቭ ፖይንትስ ሰፈር ነው። በ1840ዎቹ ድሃ አየርላንዳውያንና ነፃ ጥቁሮች እዚያ ተጎራብተው ይኖሩ ነበር። ዊሊያም ሄንሪ ሌን የሚባል ጥቁር ወጣት ማስተር ጁባ የሚል ስም አወጣ፤ ከአየርላንዳዊ ዝርያው ጆን ዳይመንድ ጋርም በውድድር ተፋጠጠ። ቻርልስ ዲከንስ በ1842 ባሳተመው የአሜሪካ ጉዞ መጽሐፉ በዚያ ሰፈር ያየውን አንድ ድንቅ ደናሽ ይገልጻል። ያ ደናሽ ሌን እንደሆነ ይታመናል። ሌን በ1848 ለንደን ሄዶም ደንሷል።

ያን ዓረፍተ ነገሬን ወዲያው አርሜዋለሁ። ከበሮ የተቀማ ሕዝብ እግሩን ከበሮ ማድረጉን ካነበብኩ በኋላ የልጄን ጫማ ሳየው ስሜቱ ሌላ ሆነ።

መልስ 3። ሁለት መስመር ነው። ሰውየው ስለ ልጁ ጠየቀ እንጂ ስለ ባርነት አልጠየቀም የሚል ነበር። ታሪክ ለሚፈልግ ቤተ መጻሕፍት አለ አለና ወጣ።

መልስ 4። ከአትላንታ የጻፈች ሴት ለ3ኛው መለሰች። ቃሏ መረር ያለ ነበር። ልጆቻችን ከጥቁር አሜሪካውያን ልጆች ጋር በአንድ ክፍል እየተማሩ፣ ዳንሳቸውን እየወሰዱ፣ ታሪኩን መስማት የሚከብደን ለምንድን ነው ብላ ጠየቀች። 3ኛው ተመልሶ አልመጣም። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ።

መልስ 5። በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ቀጣዮቹ መላሾች ሁሉ ጋሼ እያሉ ነው የጠሯቸው። ልጅ ሆነው ፒያሳ ሲኒማ ቤት ገብተው የሆሊውዱን ደናሽ ፍሬድ አስቴርን በጥቁርና ነጭ ፊልም ያዩት ትዝ አላቸው። ሲወጡ ከወንድማቸው ጋር በእግረኛ መንገዱ ላይ እየመቱ ቤት ደርሰዋል፤ የጫማቸው ሶልም ተገንጥሎ የእናታቸው ቁጣ ተርፎላቸዋል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። የብሮድዌይና የሆሊውዱን ስልት እውነተኛ አይደለም ማለቴ አላስደሰታቸውም። አስቴር ካሜራው ከራስ እስከ እግር እንዲያሳየው፣ ዳንሱም እንዳይቆራረጥ አጥብቆ ይፈልግ ነበር። በ1940 ከኤሊነር ፓወል ጋር የሠራውን ረጅም ዳንስ ዓይኔን ጨፍኜ እንድሰማው አዘዙኝ። አደረግኩት። እውነታቸውን ነው። ሁለት ከበሮ መቺዎች ሲነጋገሩ ይመስላል።

መልስ 6። የክሩ ልብ ይህ ነው። ጸሐፊዋ ቺካጎ ውስጥ ለብዙ ዓመት የተማረች ናት። ስልቶቹን በሁለት መክፈሌ እንደማያስኬድ ነገረችኝ። እሷ የምትለያቸው ክብደቱ እግር ላይ የት እንዳረፈ አይታ ነው።

ጥንታዊው በክ ዳንስ ሙሉ እግርን ወለል ላይ ያሳርፋል። ደናሹ ወደ ታች ነው የሚያስበው፤ ወደ መሬት። በ1878 ሪችመንድ፣ ቨርጂኒያ የተወለደው ቢል ሮቢንሰን፣ በቅጽል ስሙ ቦጃንግልስ፣ ዳንሱን ወደ ጣቶች ጫፍ አነሳው። ወገቡ ቀጥ ያለ ነው፣ ድምፁ ጥርት ያለ። እሱ የሚደንሰው ደግሞ በእንጨት ሶል ነበር። በደረጃ ላይ እየወጣና እየወረደ የሚመታው ዳንስ አለው፤ እያንዳንዱ ደረጃ የተለየ ድምፅ ይሰጣል። በ1935 ከትንሿ ሸርሊ ቴምፕል ጋር በፊልም የደነሰውም በደረጃ ላይ ነው። ጥቁርና ነጭ ተጣምረው በሆሊውድ ፊልም ሲደንሱ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ ጆን ባብልስ መጣ። ሮቢንሰን ያነሳውን ተረከዝ እሱ መልሶ ጣለው። ምቱን አዘገየው። ሲዘገይ መሀል ላይ ቦታ ተገኘ፤ በዚያ ቦታ ተረከዙን እንደ ትልቅ ከበሮ እየጣለ ያልተጠበቀ ምት ሞላበት። ሪትም ታፕ የምንለው ከዚህ የወጣ ነው። ከጃዝ ጋር ጎን ለጎን አደገ። ደናሹ እንደ ሳክስፎን ተጫዋች እዚያው እየፈጠረ ይመታል።

ሶፍት ሹ የሚባለው ስልት ብረት የለውም። በለስላሳ ሶል፣ በዝግታ፣ መንሸራተት ይበዛዋል። አንዳንዶች መድረኩ ላይ አሸዋ በትነው በሶላቸው ይፈጩታል፤ የሚሰማው እንደ መጥረጊያ ሽው የሚል ድምፅ ነው። የብሮድዌዩ እጅን፣ ትከሻን፣ የመስመሩን እኩልነት ይጠብቃል። ሠላሳ ሰው አንድ ሆኖ ሲመታ የሚሰጠው ደስታ ሌላ ነው። ሁፊንግ ደግሞ ወደ ወለሉ ያዘነበለ ነው፤ እጅ የት እንደደረሰ ማንም አይጨነቅም። በሃርለም ከላፋዬት ቲያትር አጠገብ ሁፈርስ ክለብ የሚባል ትንሽ ክፍል ነበር። ደናሾች ሌሊቱን ሙሉ እዚያ ይፎካከሩ ነበር። የሰውን እርምጃ እንዳለ መቅዳት ነውር ነው፤ ወስደህ የራስህን ትጨምርበታለህ።

መልስ 7። 6ኛዋ ኒኮላስ ወንድማማቾች የሚባሉትን ሁለት ደናሾች ፍላሽ ከሚባለው የአክሮባት ስልት ጋር ጠቅሳቸው ነበር። ይህኛው አልተስማማም። ወንድማማቾቹ ራሳቸው ሥራቸውን ክላሲካል ታፕ ይሉት እንደነበር ጻፈ። ፌያርድና ሃሮልድ በ1943 በሠሩት ፊልም ትልቅ ደረጃ ላይ አንዱ በአንዱ ላይ እየዘለሉ፣ እግራቸውን በሰፊው ዘርግተው ያርፋሉ። ከዚያ እጃቸው ወለል ሳይነካ ይነሳሉ። ጸሐፊው ሰው የሚያየው ዝላዩን ብቻ መሆኑ ያናድደዋል። ከዝላዩ በፊት ያለው የእግር ሥራ ንጹሕ ነው ይላል። 6ኛዋ መጥታ ተቀበለችው። ደስ የሚል ጨዋነት ነበር።

መልስ 8 እና 9። እዚህ ላይ ከርዕሱ ወጣን። 8ኛው እኛ ትከሻ እንጂ እግር የለንም፣ እስክስታችን ከወገብ በላይ ነው የሚል አስተያየት ጣለ። 9ኛዋ ተቆጣች። ኢትዮጵያ ማለት አንድ ጭፈራ ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። የጉራጌን ጭፈራ አይተህ አታውቅም ወይ፣ እግሩ ሲፈጥን፣ ጭብጨባው ሲከተል አለችው። ማኅሌት ላይ መቋሚያ ሲነሳና ሲወድቅ ወለሉ የሚሰጠውን ምትም አስታወሰችው። ለ8ኛው ጠንከር ብላበት ይሆናል። ነጥቧ ግን ትክክል ነው። ምት በየትኛው የሰውነት ክፍል እንደሚኖር መጠየቅ ከታፕ የተማርኩት አንዱ ነገር ነው።

መልስ 10። ከጆሃንስበርግ የጻፈ ልጅ ወደ ነገሩ መለሰን። እዚያ የወርቅ ማዕድን ሠራተኞች የጎማ ቦቲያቸውን በእጃቸው እየመቱ፣ መሬቱን እየረገጡ የሚጨፍሩት ገምቡት ዳንስ አለ። ለሥራ የተሰጣቸው ጫማ ነው መሣሪያቸው። ከ2ኛው መልስ ጋር አያይዞ እንድናነበው ጠየቀ። አያይዤ አነበብኩት።

መልስ 11። ከላዬ ያለው ቤት የታፕ ተማሪ ልጅ ኖሮበት ሁለት ዓመት አልተኛሁም የሚል ምሬት ነው። ዳንሱ አርት ቢሆንም ጣራዬ ከበሮ አይደለም አለ። ከልቡ ነው የተማረረው፤ ስቄ አላለፍኩትም። እኛም አፓርታማ ውስጥ ነን።

መልስ 12። ለ11ኛው መድኃኒት ይዞ መጣ። አንድ ኮምፔንሳቶ ቆርጦ ከሥሩ ወፍራም ላስቲክና ምንጣፍ ማድረግ። ከምሽቱ በኋላ ደግሞ ያለ ብረት፣ በካልሲ መለማመድ። ሌላም ነገር አነሳ፣ እሱ ለወላጅ ሁሉ የሚሆን ነው። ሲሚንቶ ላይ በፍጹም አታስደንሱ። የእሱ ልጅ ሲሚንቶ ላይ ስስ ፕላስቲክ በተነጠፈበት ክፍል ስትማር ቅልጥሟን አመማት፤ ለወራት አቋረጠች። ጥሩ ወለል ከሥሩ ክፍት ያለው፣ ሲረገጥ ትንሽ የሚሰጥ የእንጨት ወለል ነው። በማግሥቱ የልጄን ክፍል ወለል ሄጄ በእግሬ ሞከርኩት። እንጨት ነው፣ ይሰጣል። ደስ አለኝ።

መልስ 13። ይህችም ወቀሰችኝ፤ ወቀሳው ይገባኛል። የሴት ልጅ አባት ሆኜ የሴት ስም አለመጥራቴን አየችብኝ። እኔም 6ኛዋም ረስተናል። በ1930ዎቹ ሱሪ ለብሳ ከወንዶቹ እኩል የደነሰችውን ጄኒ ለጎንን ነገረችን። በ1986 አሜሪካን ታፕ ዳንስ ኦርኬስትራን የመሠረተችው ብሬንዳ ቡፋሊኖ ናት፤ ስሙ ራሱ ኦርኬስትራ ነው፣ መሣሪያው እግር። ዳያን ዎከርን፣ ዶርሜሺያን፣ በ2015 የማክአርተር ሽልማት ያገኘችውን ሚሼል ዶራንስን ጨመረችልን። ስሞቹን ጽፌ ፍሪጅ ላይ ለጥፌያለሁ።

መልስ 14። ይህን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ጸሐፊው የልጃቸው አንድ እግር ደካማ ነው። ዳንስ ትማር ሲሉ ሰው ዝም ይላቸዋል። ክሌይተን ቤትስን የሚያውቅ አለ ወይ ብለው ጠየቁና ራሳቸው ተረኩ። በ1907 ሳውዝ ካሮላይና ተወለደ። በ12 ዓመቱ ጥጥ መዳመጫ ማሽን ግራ እግሩን በላው። አጎቱ የእንጨት እግር ሠራለት። በዚያ የእንጨት እግር ታፕ ተማረ፤ ፔግ ሌግ ቤትስ ተብሎ ታወቀ። በኤድ ሰሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ከ20 ጊዜ በላይ ቀረበ። ጫማው አንድ፣ እንጨቱ አንድ፤ ሁለቱ የተለያየ ድምፅ ስላላቸው ከማንም ጋር የማይምታታ ምት ነበረው። 6ኛዋ ለእኚህ አባት ልጃቸውን ለማስተማር ፈቃደኛ የሚሆን አስተማሪ አብራ እንደምትፈልግላቸው ጻፈች።

መልስ 15። ታፕ ከመድረክ ለምን ጠፋ ለሚለው መልስ ሰጠ። ማንም አልጠየቀም ነበር፤ ቢሆንም ጠቃሚ ነው። በ1944 የአሜሪካ መንግሥት ዘፈንና ዳንስ ባለባቸው ምሽት ቤቶች ላይ 30 በመቶ ግብር ጣለ፤ ኋላ ወደ 20 ዝቅ አለ። ባለቤቶቹ ደናሽ መቅጠር ተዉ። ትልልቆቹ የጃዝ ባንዶች ተበተኑ። በብሮድዌይም ከ1943 በኋላ የባሌ ዳንስ ቦታውን ወሰደ። ሽማግሌዎቹ ደናሾች ሌላ ሥራ ገቡ። ግሪጎሪ ሃይንስ በ1989 በተሠራው ፊልሙ እነዚያን ሽማግሌዎች ሰብስቦ አስደነሳቸው። እዚያው ፊልም ላይ ያለው ልጅ ሳቪዮን ግላቨር በ1996 ለዳንስ ቅንብሩ ቶኒ የሚባለውን የቲያትር ሽልማት ወሰደ። ሜይ 25፣ የቢል ሮቢንሰን ልደት፣ ከ1989 ጀምሮ በአሜሪካ የታፕ ዳንስ ቀን ነው።

መልስ 16። ስለታም ነበር። ይህን ሁሉ ካነበብክ በኋላ አሁንም እውነተኛውና ሐሰተኛው እያልክ ትከፍላለህ ወይ፣ ወይስ ዝም ብለህ ሰው ታከራክራለህ የሚል ነው። ዝም ማለት አልፈለግኩም።

መልስ 17 የእኔ ነው። እውነተኛ የምትለዋን ቃል አነሳሁ። ጋሼንም ይቅርታ ጠየቅኩ። የብሮድዌይ ደናሽ ድምፁ ከደበዘዘ ሠላሳው ሰው ይበላሻል፤ እሱም ጆሮ ይጠይቃል። ዋናውን ሐሳቤን ግን አልተውኩም። ታፕን በዓይን ብቻ የሚያይ ሰው ግማሹን ነው የሚያገኘው። ስልቶቹ የሚለያዩት በልብስና በእጅ አያያዝ ብቻ አይደለም። ጣት ላይ ነው ተረከዝ ላይ፣ ፈጣን ነው ዘገምተኛ፣ ብረት ነው እንጨት ወይስ አሸዋ፤ ይህን ሁሉ የሚለየው ጆሮ ነው።

መልስ 18። 6ኛዋ ተመልሳ የመጀመሪያ ጥያቄዬን መለሰችልኝ። እስካሁን ማንም አልመለሰውም ነበር። ልጅ ስልት አትመርጥም አለች፤ መጀመሪያ ሺም ሻም የሚባለውን ዳንስ ትማር። በ1920ዎቹ መጨረሻ ሊነርድ ሪድና ዊሊ ብራያንት ያወጡት ነው። 32 ባር ነው (ባር ማለት በምት የሚለካ የሙዚቃ ክፋይ ነው)፤ አራት ክፍል፣ እያንዳንዱ ስምንት ባር። የትኛውም አገር ያለ የታፕ ደናሽ ያውቀዋል። ዝግጅት ሲያልቅ ሁሉም መድረክ ላይ ወጥቶ አብሮ ይመታዋል፤ ጀማሪውም አዛውንቱም።

ልጄ የመጀመሪያውን ስምንት ባር ለካ ታውቀዋለች። ማታ ኮምፔንሳቶውን ወጥ ቤት አነጠፍኩላት። ፊቴን ወደ ግድግዳ እንዳዞር ነገረችኝ። ከኋላዬ ቆማ መታች። በጭብጨባ መለስኩላት። የመጨረሻዋን ተረከዝ ዘለልኩ። ደግማ መታችልኝ።